ትኩሳት ይዞት ደም እየፈሰሰው የገባ በሽተኛ፦ ለአንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው መሀል አዲስ አበባ ካለ ሆስፒታል፣ ከድንገተኛ ክፍል ነርስ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከደቡብ በአውቶቡስ የመጣ ሰውዬ ትኩሳት ይዞት፣ እያስመለሰውና እየነሰረው ገባ። ጓንትና ተራ ማስክ ብቻ አድርጌ ደም ሥሩ ውስጥ ካኑላ አስገብቼ ግሉኮስ ሰቀልኩለት። ጠዋት አንድ ሐኪም ‹ማርበርግ ቢሆንስ?› አለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቤት የ2 ዓመት ልጅና እናቴ አሉ። አሁን ምን ላድርግ? ወደፊትስ ራሴን በምን ልጠብቅ? መከላከያ ካልተሰጠኝ አልገባም ማለት እችላለሁ?»

እህቴ፣ ከዛሬው ልጀምር። ስለ ወደፊቱ ብዙ የምለው አለኝ፤ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ምክር አይገባውም።

ከደቡብ መጥቶ ትኩሳት፣ ማስመለስና ነስር ያለበት ሰው ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። የከፋ ወባ፣ ታይፎይድ፣ የጉበት በሽታ፣ ማጅራት ገትር፣ ዴንጊ። እነዚህ በአገራችን ከማርበርግ፣ እንደ ኢቦላ በበሽተኛ ደምና ፈሳሽ ከሚተላለፈው ገዳይ የቫይረስ በሽታ፣ እጅግ የበዙ ናቸው። ቢሆንም የሐኪሙ ጥያቄ ትክክል ነው፤ ችግሩ የተጠየቀው ጠዋት መሆኑ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ማርበርግ ጂንካ ላይ መገኘቱ ተረጋግጧል፤ ከሞቱት መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ። ወረርሽኙ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ማብቃቱ ታውጇል፤ ቫይረሱን ተሸክሞ የሚኖረው የፍራፍሬ የሌሊት ወፍ ግን ዛሬም በየዋሻው አለ።

ስለዚህ ዛሬውኑ አለቃሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ናሙና ተወስዶ ለኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተልኳል ወይ? ተልኮ ነጻ ከተባለ፣ ናሙናው የተወሰደው ሕመሙ ከጀመረው በስንተኛው ቀን እንደሆነም ጠይቂ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ቫይረሱ ደም ውስጥ ገና ጥቂት ስለሚሆን ምርመራው ሊስተው ይችላል፤ ከ72 ሰዓት በፊት የተወሰደ ከሆነ መደገም አለበት። ምንም ካልተላከ ደግሞ አንቺም ሐኪሙም ዝም ማለት የለባችሁም፤ በነጻ የስልክ መስመር 8335 አስታውቁ።

ውጤቱ እስኪታወቅ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ 21 ቀን ቁጠሪ። ጠዋትና ማታ ሙቀትሽን ለኪ፣ በወረቀት ጻፊው። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ድንገት ራስ ምታትና ቁርጥማት ከጀመረሽ ሥራ አትግቢ፣ ታክሲም አትሳፈሪ። ክፍል ለይተሽ ተቀመጪና ደውዪ፤ እነሱ ይመጣሉ። ማርበርግ ምልክት ያልታየበት ሰው አያስተላልፍም። ስለዚህ ዛሬ ደህና ከሆንሽ ልጅሽን ማቀፍ ትችያለሽ። ይህን የምጽፈው ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ የበሽታው ጠባይ ስለሆነ ነው። ጥርጣሬው ከተጠናከረ ግን ስምሽ ከንክኪ ዝርዝር ውስጥ ይገባና 21 ቀኑን ከሥራ ውጭ ሆነሽ ትጠበቂያለሽ። እንደ ቅጣት አትቁጠሪው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኢንፌክሽን መከላከል ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከሁሉ በላይ የማምነው ነገር ይህ ነው፦ በሽታው ታውቆ፣ በሩ ላይ ምልክት ተለጥፎበት፣ ሁሉም ለብሶ የሚገባበት በሽተኛ ብዙ ሰው አይገድልም። ሰው የሚያስይዘው ያ ሳይሆን በፊት፣ «ወባ ነው» ተብሎ ግሉኮስ የተሰቀለለት ጊዜ ነው። ያ አንቺ የነበርሽበት ሰዓት ነው።

የናይጄሪያዋን ሐኪም የዶክተር አሜዮ ስቴላ አዳዴቮህን ታሪክ በየስልጠናው የምናገረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2014 ከላይቤሪያ በአውሮፕላን ሌጎስ የገባ ሰው ሆስፒታላቸው ተኛ። መጀመሪያ የታከመው እንደ ወባ ነበር። ኢቦላ ካለበት ሰው ጋር ተነካክተሃል ወይ ሲሉት የለም አለ። እሷ ግን አላመነችም፤ እንዲወጣ ግፊት ቢበዛባትም አልለቅም አለች። ናይጄሪያ በዚያ ወረርሽኝ በ20 ታማሚዎች ብቻ የተረፈችው ብዙውን በእሷ ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬው ከመምጣቱ በፊት ባዶ እጅ የነኩት ባልደረቦቿ ግን ታመሙ፤ እሷም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን አረፈች። ሩዋንዳም እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ማርበርግ ኪጋሊ ሲታወቅ ከተያዙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ፣ የሚያውቁ ሰዎች።

እንግዲህ ከጓንት በፊት የሚመጣው ጥያቄ ነው። ወደ ከተማችን መሀል ያሉትን ሆስፒታሎች አስቢያቸው፤ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12፣ ራስ ደስታ። ቃሊቲ መናኸሪያ የወረደው፣ መርካቶ አውቶቡስ ተራ የወረደው፣ ቦሌ ያረፈው ሁሉ መጨረሻው እነዚህ በሮች ናቸው። ትሪያጅ፣ ገቢ በሽተኞች የሚለዩበት ቦታ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ካርዱን ከመቀበሏ በፊት፣ ከበሽተኛው ቢያንስ አንድ ሜትር ርቃ፣ ሦስት ነገር መጠየቅ አለባት፦ ትኩሳት አለ? ባለፉት 21 ቀናት የት ነበርክ? ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው ጋር ነበርክ? በእኛ አገር ሦስተኛውን ጥያቄ «ለቅሶ ሄደህ ነበር? አስከሬን ያጠብክ፣ የገነዝክ አለህ?» ብለሽ ካልጠየቅሽ መልስ አታገኚም። ሰው «ከታመመ ሰው ጋር አልነበርኩም» ይልሽና ከአምስት ቀን በፊት አጎቱን ገንዞ ይሆናል፤ ያ ለእሱ ወግ እንጂ ንክኪ አይደለም። በማርበርግና በኢቦላ የሞተ ሰው አካል ደግሞ ከሕያው በሽተኛ የበለጠ ያስተላልፋል። አስታማሚውንም ለብቻው ጠይቂ። በሽተኛው የሚደብቀውን እህቱ ትነግርሻለች።

መልሱ ካሳሰበሽ ሰውዬውን ከወንበሩ ረድፍ አውጥተሽ ወደ ማግለያ ክፍል። ማግለያ ክፍል የለንም እንዳትዪኝ፤ በር ያለው ማንኛውም ክፍል፣ ባዶ ሆኖ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ባልዲና አንድ ጠርሙስ ውኃ ካለው ለመጀመሪያው ሰዓት ይበቃል። ማስክ ስጪው። ከበር ላይ ሆነሽ በስሙ እየጠራሽ አነጋግሪው። ጥያቄሽ ላይ «አልገባም ማለት» ያልሽውን እዚህ ላይ ላንሳው፦ ለመልበስ የሚፈጅብሽ 5 ደቂቃ በሽተኛውን መተው አይደለም።

ይህን የምለው የጉሉውን ዶክተር ማቲው ሉክዊያን እያሰብኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሰሜን ኡጋንዳ ኢቦላ ሲገባ የላኮር ሆስፒታል ኃላፊ ነበር። መጠርጠሩም፣ ማግለያ ክፍሉን ማቋቋሙም፣ ሠራተኛውን ማሰልጠኑም የእሱ ሥራ ነው። መልበስን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ሌሊት ግን የታመመ ነርሳቸው እየደማና እየታገለ ከአልጋው ተነሣ ተብሎ ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ። ጋውን ለበሰ፣ ማስክ አደረገ፣ ጓንት አደረገ። መነጽር ሳያደርግ ገባ። ይህ የሆነው ኅዳር ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2000 ሞተ። አንድ መነጽር። ሰውን ለማዳን የቸኮለ ልብ መነጽር ይረሳል፤ ለዚህ ነው መልበስ ለሌላ ሰው ዓይን መተው ያለበት።

ሌላ ሰው ስል፣ በር ላይ ቆሞ የሚያነብልሽና የሚያይሽ ባልደረባ ማለቴ ነው። አብሮሽ አይገባም። ሥራው «መነጽር?» «ቦት ጫማ?» «የጋውኑ እጅጌ ከጓንቱ ሥር ገብቷል?» ማለት ብቻ ነው። ስትወጪ ደግሞ እየጮኸም ቢሆን ያስቆምሻል።

አደጋው ከመልበስ ይልቅ ማውለቅ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ስልጠና ስሰጥ፣ ተሳታፊዎቹ ሙሉ ከለበሱ በኋላ ጓንታቸውንና የጋውናቸውን ደረት በቀይ የምግብ ቀለም ቀባኋቸው። «አሁን አውልቁ» አልኳቸው። ከሁሉም የምትበልጥ፣ ሃያ ዓመት የሠራች ሲስተር ነበረች። ዝግ ብላ፣ በሥርዓቱ አወለቀች፤ ሁላችንም አደነቅናት። መስታወት ስንሰጣት ከቀኝ ጆሮዋ ሥር፣ የማስኩን ክር በጠቀሰችበት ቦታ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረች። ሲስተር መስታወቱን አልመለሰችም፤ ረጅም ጊዜ ያችን ነጥብ አየቻት። ከዚያ በኋላ በዚያ ሆስፒታል ካለ ተመልካች የሚያወልቅ አልነበረም፤ እሷ አታስወልቅማ።

ቅደም ተከተሉ በየስልጠናው ጥቂት ይለያያል፤ እናንተ ጋ የተለጠፈውን ተከተዪ። ምክንያቱ ግን አንድ ነው፦ በጣም የቆሸሸው ቀድሞ ይወጣል፣ ፊትሽ ላይ ያለው መጨረሻ። ሽርጡ፣ የላይኛው ጓንት፣ ጋውኑ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ። ከዚያ መነጽሩ ከኋላ በኩል ተይዞ ወደ ፊት፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ። ከዚያ ማስኩ በክሩ፣ ፊቱን ሳትነኪ። በእያንዳንዱ መሀል እጅሽን በአልኮል፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። በሳሙናና በውኃ ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። ላብ ሲያጠምቅሽ፣ መነጽሩ በጉም ሲሸፈን ነው የሰው እጅ ወደ ፊቱ የሚሄደው። ስለዚህ ሙሉ ለብሰሽ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዪ፤ ውጪ፣ ሌላ ሰው ይግባ።

እዚህ ላይ ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ሐኪሙ ገብቶ ይወጣል፣ አንቺ ገብተሽ ትወጫለሽ፤ ትውከቱን የምትጠርገው ግን እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ምን እንደተጠረጠረ የሚነግራት የለም፤ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ለምርመራ በተሠራ ስስ ጓንት ትገባለች። ለእሷ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ቦት፣ ሽርጥና የፊት መሸፈኛ ያስፈልጋታል። ደም ወይም ትውከት ሲፈስ መጀመሪያ በሚመጥ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይነሣ፤ ደም ክሎሪኑን ያዳክመዋልና በላዩ ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ 0.5 በመቶ ክሎሪን ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይበት። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ ነው። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ የትናንቱ ሽታ እንጂ ጉልበት የለውም። ከአሲድ ጋር አይቀላቀል፣ ሰው ላይም አይረጭ። ቅዳሜና እሑድ የምትገባውን ተተኪ ሠራተኛም አትርሷት።

ስለ መርፌ አጭር ልበል። ካኑላ ያስገባሽበትን መርፌ ክዳኑን መልሰሽ አትክደኚ፤ ቀጥታ ወደ መርፌ መጣያው ሳጥን፣ ሴፍቲ ቦክስ። ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ። ከተወጋሽ አትጭመቂው፣ በረኪናም አታድርጊበት፤ በሳሙናና በውኃ ታጥበሽ ወዲያው አስመዝግቢ። ከተያዘ ሰው በመርፌ የመያዝ ዕድል ለኤችአይቪ ከ1000 3 ገደማ ሲሆን ለጉበት ቫይረሱ ለሄፓታይተስ ቢ ካልተከተብሽ ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱን አየሽው? ሰው ሁሉ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው። ለኤችአይቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ቢቻል በ2 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት 3 ጊዜ ነው። ካልተከተብሽ ነገ ጀምሪ።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ዋናው ጭንቀቴ እሱ ስለሆነ ነው። በማርበርግ ፍርሃት እንቅልፍ ባጣሽበት ሳምንት፣ በዚያው ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ሦስት ሳምንት ያሳለ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ነበር ብል አልሳሳትም። አገራችን ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ በአየር ነው የሚተላለፈው፤ ያሳለው ሰው ከሄደ በኋላም ለሰዓታት ክፍሉ ውስጥ ተንሳፎ ይቆያል። ባልደረቦቼ መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ታክመዋል። በማርበርግ የታመመ አንድም አላውቅም።

ለቲቢ ትልቁ መድኃኒት መስኮት ነው። ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶች ሲከፈቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የክፍሉ አየር ብዙ ጊዜ ይቀየራል፤ ማሽን አያስፈልግም። ግን ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት» የሚል ሕዝብ ነን፤ በሐምሌ ብርድ የዎርድ መስኮት ከከፈትሽ አስታማሚው ተነሥቶ ይዘጋዋል፣ «ታማሚዬን ንፋስ ሊመታብኝ ነው» ይልሻል። አትጣዪው። ብርድ ልብስ ጨምሪለትና ለምን እንደሆነ ንገሪው፤ «ሳሉ አንተንም እንዳይይዝህ ነው» ስትዪው ይሰማል። የሚያስለው በሽተኛ ተራ ማስክ ያድርግ፣ አንቺ አየር የሚያጣራውን ኤን 95 ማስክ። ሁለቱን አታምታቺ፤ ተራው ማስክ ከእሱ የሚወጣውን ያግዳል፣ የምትተነፍሺውን አየር ግን አያጣራልሽም። ኤን 95 ስታደርጊ የላይኛው ክር አናትሽ ላይ፣ የታችኛው ማጅራትሽ ላይ ይሁን። ሹሩባ ከተሠራሽ የላይኛው ክር እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ እየደጋገምሽ እዪው። በሁለት እጅሽ ሸፍነሽው ተንፍሺ፤ በአፍንጫሽ ጎን አየር ካመለጠ ብረቱን እንደገና ተጫኚው። ጺም ያላቸው ወንድሞቻችን ወይ ይላጩ ወይ ለዚህ ክፍል አይመደቡ።

ቤትን በተመለከተ፣ የሥራ ልብስ ሆስፒታል ይታጠብ፤ በፌስታል ተቋጥሮ ቤት አይግባ። ጋውን ለብሶ ምሳ መብላት ይቅር። ቀለበትና ረጅም ጥፍር ጓንት ይቀዳሉ። ከሁሉም በላይ ስልክሽን ወደ ማግለያ ክፍል አታስገቢ። እጅሽን አሥር ጊዜ ታጥበሽ በጓንት የነካሽውን ስልክ ለልጅሽ ካርቱን ከፍተሽ ከሰጠሻት ምኑን ታጠብሽው?

ወደ መብት ጥያቄሽ። አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን በግልጽ ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነትም ለሕይወቱ የሚያሰጋ ቅርብ አደጋ አይቶ ከቦታው ገለል ያለ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ የሚመለከትሽ ሌላ አዋጅ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበርሽን ወይም ሙያ ማኅበርሽን ይዘሽ ጠይቂ። እኔ ግን ቃሉን እንድትቀይሪው እመክራለሁ። «አልገባም» አትበዪ፤ «ስጡኝና ልግባ» በዪ። ይህን ስትዪ ሰዓቱን፣ የጠየቅሽውን ዕቃና የተሰጠሽን መልስ በሪፖርት ደብተሩ ላይ ጻፊ። የቃል ቅሬታ ጠዋት ሻይ ላይ ይረሳል፤ በደብተር የሰፈረ ግን ለሚቀጥለው ተረኛም ይጠቅማል።

አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ጠፍቶ አይደለም። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ሆስፒታል ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚደማ በሽተኛ ገባ። ሙሉ መከላከያ ልብስ በካርቶን፣ ከነማሸጊያው ስቶር ውስጥ ነበር። ቁልፉ ግን ሰሚት ሰፈር፣ ከዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጋር። ሁለት ነርሶች በቀዶ ሕክምና ጋውንና በፌስታል ጫማ ገቡ። ያ ሌሊት በሰላም አለፈ፤ እነሱ ግን 21 ቀን ተቆጥረው፣ በየጠዋቱ ቴርሞሜትር እያዩ እንዴት እንደሰነበቱ እኔ አውቃለሁ። ዛሬ አንቺ እዚያው ላይ ነሽ።

ስለዚህ ነገ ስትገቢ ከአለቃሽ ጋር ሆነሽ አንድ ሳጥን አዘጋጁ። ለሁለት ሰው ሙሉ ልብስ፣ ሁለት መነጽር፣ ሁለት ቦት፣ አንድ ጠርሙስ አልኮል፣ የማውለቂያው ቅደም ተከተል በወፍራም እስክሪብቶ በአማርኛ ተጽፎ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ያልተቆለፈ፤ በየፈረቃው ርክክብ ላይ ተቆጥሮ የሚፈረምበት። በወር አንድ ጊዜ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ከፍታችሁ ልበሱ፣ አውልቁ፣ ቀለምም ተቀባቡ። የጽዳት ሠራተኞችንና የአምቡላንስ ሹፌሮችንም ጥሩ።

ሰውዬው አሁንም ዎርድ ተኝቶ ከሆነ ሄደሽ ጠይቂው፤ በበር በኩልም ቢሆን። ውጤቱ እንደታወቀ ጻፊልኝ።